የግሪንላንድ ሻርክና የግድግዳው ሞስ፤ ረጅም ዕድሜ ብቻውን ጽናት ነውን?

መግቢያ

ለዚህ ጥናት የመረጥናቸው ሁለት ፍጥረታት በመልክም፣ በመጠንም፣ በመኖሪያም የማይገናኙ ናቸው። አንደኛው በሰሜን አትላንቲክና በአርክቲክ ውቅያኖስ ቀዝቃዛና ጨለማ ውኃ ውስጥ የሚኖረው የግሪንላንድ ሻርክ ነው። ሁለተኛው በግድግዳ ሥር፣ በሲሚንቶ ስንጥቅና በድንጋይ ንጣፍ መካከል የሚበቅለው፣ ብዙ ጊዜ ረግጠነው የምናልፈው ብርማ ሞስ ነው። የመጀመሪያውን በዐይኑ ያየ ከመካከላችን የለም። ሁለተኛውን ደግሞ ያየው ብዙ ሲሆን ያስተዋለው ጥቂት ነው።

ዲላ ላይ ተቀምጠን ስለ ሩቅ ባሕር ዓሣ ማጥናት ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ሁለቱን ፍጥረታት ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው በገዛ አካባቢያችን በጌዴኦ ስላሉት ዛፎች አንድ ጠቃሚ ነገር ያስተምሩናል። ደግሞም ትልቁንና ትንሹን ፍጥረት አብሮ መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 ስለ ንጉሥ ሰሎሞን ጥበብ ሲነገር፣ ከታላቁ የሊባኖስ ዛፍ ጀምሮ በቅጥር ላይ እስከምትበቅለው ትንሽ ተክል ድረስ፣ እንዲሁም ስለ ዓሦች እንደ ተናገረ ተጽፎ እናገኛለን።

ብዙዎቻችን ሁለት ነገሮችን ስናነጻጽር «የቱ ይበልጣል?» በሚል ጥያቄ እንጀምራለን። ይህ ለእግር ኳስ ጨዋታ እንጂ ለጥናት አይሆንም። ትክክለኛው ማነጻጸር ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቦ መልሳቸውን ማስተያየት ነው። እኛም የሚከተሉትን አራት ጥያቄዎች ይዘን እንነሣለን።

1. በምን ይኖራል?
2. ችግርን እንዴት ያልፋል?
3. ሲጠፋ በምን ያህል ጊዜ ይተካል?
4. የሚያጠፋው ምንድን ነው?

ሀ. የግሪንላንድ ሻርክ

የሳይንስ ስሙ ሶምኒዮሰስ ማይክሮሴፋለስ ይባላል። የመጀመሪያው ቃል እንቅልፋም፣ ሁለተኛው ትንሽ ራስ ማለት ነው። ስሙ እንቅልፋም ይበለው እንጂ አካሉ ግዙፍ ነው፤ ርዝመቱ ከ6 ሜትር ሊያልፍ፣ ክብደቱም ወደ 1,000 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። የሚስማማው የውኃ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው። በሩቅ ሰሜን ወደ ውኃው ወለል ብቅ የሚልበት ጊዜ ቢኖርም እስከ 2,200 ሜትር ጥልቀት ድረስ ታይቷል። ይህን በአገራችን መሬት እንለካው ብንል፣ ከአባያ ሐይቅ ዳር ተነሥተን እስከ ጌዴኦ ከፍተኛ ደጋ ብንወጣ ሽቅብ የምንጓዘው ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ሻርኩ የሚወርድበት ጥልቀት ከዚህም ይበልጣል።

አካሄዱ እጅግ ቀርፋፋ ነው። ተመራማሪዎች በአካሉ ላይ መለኪያ መሣሪያ አሥረው ሲከታተሉት በአማካይ በአንድ ሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲዋኝ ተገኝቷል። በዚህ ፍጥነት አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 49 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ያንኑ መንገድ ደኅና እርምጃ ያለው ሰው በ12 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ሻርኩ ግን ሥጋ በል ነው፤ ዓሣዎችንና ሲል የሚባሉትን የባሕር አጥቢ እንስሳት ይበላል፣ የሞተ እንስሳ ሬሳም ሲያገኝ አይንቅም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት በባሕር ውስጥ የሚኖረው እርሱ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ዓሣ ዝነኛ ያደረገው ዕድሜው ነው። የብዙ ዓሦች ዕድሜ በጆሯቸው ውስጥ ባለች ደረቅ ጠጠር ላይ በሚታዩ ቀለበቶች ይቈጠራል፤ የዛፍ ዕድሜ በግንዱ ቀለበት እንደሚቈጠር ማለት ነው። የሻርክ አፅም ግን እንደ ጆሯችን ለስላሳ ስለ ሆነ እንዲህ ያለ ምልክት አይገኝበትም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ዐይኑ ዞሩ። በዐይን ሌንስ መካከል ያለው ክፍል የሚሠራው ሻርኩ ገና ሳይወለድ ነው፤ ከዚያ በኋላ አይለወጥም። በዚያ ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 የተባለ የካርቦን ዓይነት በመለካት ሻርኩ መቼ እንደ ተወለደ መገመት ይቻላል። የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአየር ውስጥ የዚህን ካርቦን መጠን ስለ ጨመሩት፣ ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ከቀደሙት ተለይተው ይታወቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት የተደረገው በ28 ሴት ሻርኮች ላይ ነበር። የቦምቡ ምልክት በግልጽ የታየው በትንንሾቹ ብቻ ነው። ከሁሉ የረዘመችው 5 ሜትር ከ2 ሴንቲ ሜትር ስትሆን ዕድሜዋ 392 ዓመት ተብሎ ተገመተ፤ ግምቱ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም በ120 ዓመት ሊለያይ ይችላል። ዝቅተኛውን 272 ዓመት እንኳ ብንወስድ የተወለደችው በዳግማዊ ኢያሱና በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ገደማ ነው። መካከለኛውን ከወሰድን ደግሞ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ጎንደር ገና ዋና ከተማ ሳትሆን ተወልዳለች ማለት ነው።

የሚያስደንቀው ግን የዕድሜዋ ርዝመት ብቻ አይደለም። በዚሁ ጥናት መሠረት ሴቷ ሻርክ ለመውለድ የምትደርሰው በ150 ዓመት ገደማ ነው። ለምሳሌ ያህል ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሞቱበት በ1868 እ.ኤ.አ. የተወለደች ሻርክ ብትኖር፣ ለእናትነት የምትበቃው ገና በእኛ ዘመን ነው። ይህን ቁጥር በልባችን እንያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ለ. ብርማው ሞስ

ሞስ የምንለው አበባም ፍሬም የሌለው፣ እንደ ምንጣፍ ተጠጋግቶ የሚበቅል ትንሽ አረንጓዴ ተክል ነው። ከዛፍ ቅርንጫፍ እንደ ጢም ተንጠልጥሎ ከሚታየው ግራጫ የዛፍ ሽበት ጋር መቀላቀል የለበትም። የዛፍ ሽበት ፈንገስና ዋቅላሚ አንድ ላይ ሆነው የሚመሠርቱት ኅብረት ሲሆን ሞስ ግን ራሱን የቻለ ተክል ነው።

ከብዙ ሺህ የሞስ ዓይነቶች መካከል የመረጥነው በሳይንስ ስሙ ብራዩም አርጀንቴዩም የሚባለውን ነው። የስሙ ትርጓሜ ብር የሚመስል ማለት ነው። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። የቅጠሎቹ ጫፍ አረንጓዴው ቀለም ስለሌለበት ብርሃን ያንጸባርቃል፤ ሲደርቅ ብር የተቀባ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ይህ ሞስ አንታርክቲካን ጨምሮ በሁሉም አህጉራት ይገኛል። በተለይ የሰው እግር የሚበዛበትን የከተማ ንጣፍ፣ የግንብ ጫፍና የጣራ ጠርዝ ይወዳል። በየግቢያችሁ በሲሚንቶ ስንጥቅ ላይ ፈልጉት።

ሞስ እንደ ቡና ወይም እንደ እንሰት እውነተኛ ሥር የለውም። ከድንጋይ ጋር የሚያጣብቁት ቀጫጭን ክሮች ብቻ አሉት። ከታች ውኃ ወደ ላይ የሚያደርስ ቧንቧ የለውም። ቅጠሉም በአብዛኛው የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ነው። ስለሆነም የሚጠጣው በመላ አካሉ ነው፤ ዝናብ፣ ጤዛና ጉም ሲነካው ይርሳል፣ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል። ውኃን አጠራቅሞ የመያዝ ችሎታው እጅግ ትንሽ ነው።

ታዲያ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ እንዴት አይሞትም? ምሥጢሩ መድረቅን መቻሉ ነው። እንሰት ወይም ቡና እንዲህ ቢደርቅ ያበቃለታል። ብርማው ሞስ ግን ውኃው ከአካሉ ሲወጣ ሥራውን ሁሉ ያቆማል፤ አይተነፍስም፣ አያድግም፣ ምግብም አይሠራም ለማለት እስኪቻል ድረስ ጸጥ ይላል። በሴሎቹ ውስጥ ያሉ ስኳርና ፕሮቲኖች የአካሉን ክፍሎች ከመሰባበር ይጠብቁለታል። ዝናብ ሲመለስ በደቂቃዎች ውስጥ ቅጠሉን ይዘረጋል፤ የተጎዳውን ጠግኖም ሥራውን ይቀጥላል።

የሞስ ዘመዶች በዚህ ረገድ ምን ያህል ሊሄዱ እንደሚችሉ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት አሳይቷል። በአንታርክቲካ አቅራቢያ በምትገኘው በሲግኒ ደሴት በበረዶ ውስጥ ተቀብሮ ከ1,500 ዓመት በላይ የቈየ ሌላ ዓይነት ሞስ ወደ ቤተ ሙከራ ተወስዶ ሙቀትና ብርሃን ሲያገኝ እንደገና አቈጥቍጧል። ይህ ሞስ የተቀበረው በአክሱም መንግሥት ዘመን ነው ማለት ነው።

ስለ መራባቱም አንድ ነገር እንጨምር። የብርማው ሞስ ወንዴና ሴቴ በተለያዩ ተክሎች ላይ ይገኛሉ። የወንዴው ዘር ወደ ሴቴዋ የሚደርሰው በውኃ ላይ እየዋኘ ነው። ስለዚህ ይህ የግድግዳ ተክል እንኳ ለመራባት የራሱ ትንሽ «ባሕር» ያስፈልገዋል፤ ያም በቅጠሎቹ መካከል ያለ ቀጭን የውኃ ሽፋን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በስዊድን በዚሁ በብርማው ሞስ ላይ የተደረገ ሙከራ ደግሞ በዐይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ዘላይ ተባዮችና ምስጦች የማይመስሉ ሌሎች ደቂቅ የአፈር ፍጥረታት ዘሩን ተሸክመው እንደሚያደርሱ አሳይቷል። ይህም ባይሆን ከአካሉ የተቈረሰች ትንሽ ቁራጭ በእግርም በነፋስም ተወስዳ አዲስ ተክል ልትሆን ትችላለች።

ሐ. ንጽጽር

1. በምን ይኖራል? ሞሱ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከፀሐይ ብርሃን ወስዶ ምግቡን ራሱ ይሠራል። ሻርኩ ሌላውን ይበላል። ይሁን እንጂ መነሻቸው አንድ ነው። በሻርኩ ዐይን ውስጥ የተለካው ካርቦን አስቀድሞ በአየር ውስጥ ነበር። ከአየር ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ ጥቃቅን የባሕር ዕፅዋት፣ ከእነርሱም ወደ ትንንሽና ትልልቅ ዓሦች አልፎ ወደ እናቲቱ ሻርክና ወደ ፅንሷ ደረሰ። በየግድግዳችን ያለው ሞስ የሚመገበውም ከዚሁ አየር ነው።

2. ችግርን እንዴት ያልፋል? ሻርኩ ለውጥ ከሌለበት ስፍራ በመኖር ያልፋል። ጥልቁ ውኃ ክረምት ከበጋ፣ ቀን ከሌሊት ቅዝቃዜውና ጨለማው ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ሻርኩ ኀይሉን ቈጥቦ፣ በዓመት ከአንድ ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ እያደገ፣ ሳያቋርጥ ይኖራል። ሞሱ ግን የሚኖረው በአንድ ቀን ውስጥ እርጥበትና ድርቀት በሚፈራረቁበት ስፍራ ነው። እርሱ የሚያልፈው ቆሞ እንደገና በመነሣት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሻርኩ እንደማይጠፋ ግን ደብዛዛ እንደሆነ ፋኖስ ነው፤ ሞሱ ደግሞ በአመድ ተዳፍኖ አድሮ ጠዋት እንደሚቀጣጠል ፍም ነው።

3. ሲጠፋ በምን ያህል ጊዜ ይተካል? ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ከግድግዳ ላይ ሞሱ ቢፋቅ የቀረችው ቁራጭ ዝናብ ስታገኝ መልሳ ትስፋፋለች። አንዲት የደረሰች ሴት ሻርክ ብትያዝ ግን፣ ዛሬ የተወለደችው ሕፃን ቦታዋን ለመተካት ወደ 150 ዓመት ያህል ያስፈልጋታል። ይኸውም በሕይወት ከቈየች ነው።

4. የሚያጠፋው ምንድን ነው? ሻርኩን በባሕሩ የሚያሸንፈው ጠላት ከሰው በቀር እምብዛም የለም። በቀድሞው ዘመን ከጉበቱ ለመብራትና ለሌላም ሥራ የሚሆን ዘይት ይወጣ ስለ ነበር በኖርዌይ፣ በአይስላንድና በግሪንላንድ ዓሣ አጥማጆች በብዛት ይታደን ነበር። ትኩስ ሥጋው መርዛማ ሲሆን የአይስላንድ ሰዎች ለወራት አብላልተውና አድርቀው ይበሉታል። ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ማንም ሳይፈልገው፣ ለሌላ ዓሣና ለሽሪምፕ በተጣለ መረብና መንጠቆ ተይዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑት መካከል መድቦታል። ብርማው ሞስ ግን ከሰው ጋር መኖርን ለምዷል፤ እንዲያውም ከተማ በሰፋ ቁጥር አዲስ ንጣፍ ያገኛል።

ከዚህ ምን እንረዳለን? በመጀመሪያ እይታ 400 ዓመት የሚኖር ግዙፍ ዓሣ ጽኑ፣ በጣት የምትፋቅ ተክል ደግሞ ደካማ ትመስላለች። በአራቱ ጥያቄዎች ስንመረምር ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንዱ ሻርክ ብዙ ይኖራል፣ የሻርኩ ወገን ግን በቀላሉ ይጎዳል። አንዷ የሞስ ቅጠል ወዲያው ትጠፋለች፣ የሞሱ ወገን ግን በቀላሉ አይጠፋም። እንግዲህ ረጅም ዕድሜ ብቻውን ጽናት አይደለም። ያረጀ ነገር ሁሉ ብዙ ችሎ የኖረ ስለሆነ ሌላም ይችላል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። አንዳንዱ እስከ ዛሬ የቈየው ማንም ስላልነካው ብቻ ነው።

መ. ወደ ጌዴኦ ስንመለስ

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የተመዘገበውም አንድ ሕንፃ ወይም አንድ ሐውልት ብቻ ሆኖ አይደለም። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናና ሌላው ተክል በደረጃ የሚኖሩበት አስተራረስ፣ በባህል ተከብረው የኖሩት ደኖችና ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ሁሉ በአንድነት ነው። ሕዝብ በብዛት በሰፈረበት ተዳፋት መሬት ላይ አፈሩ ታጥቦ ያልሄደው በዚህ አኗኗር ምክንያት ነው።

አሁን ሦስተኛውን ጥያቄያችንን በዚህ ጓሮ ውስጥ እናንሣ። እንሰት ተፍቆ ቢበላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌላው ይደርሳል። የቡና ችግኝ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ፍሬ ይጀምራል። ባሕር ዛፍም ቢሆን በጥቂት ዓመታት ለምሰሶ ይደርሳል። ትልቅ ዝግባ ግን የተከለው ሰው ዕድሜ አይበቃውም፤ ጥላውን የሚያየው የልጅ ልጁ ነው። በአንድ ጓሮ ውስጥ ሞስ የሚመስሉም ሻርክ የሚመስሉም ፍጥረታት አብረው ይኖራሉ ማለት ነው። መጥረቢያው ግን አይለያቸውም፤ አምስት ዓመት የሆነውንም መቶ ዓመት የሆነውንም በአንድ ቀን ይጥላል።

ሌላም ነገር አለ። በእነዚህ ትልልቅ ዛፎች ሻካራ ግንድ ላይ የሚበቅሉት ሞሶች ከግድግዳው ብርማ ሞስ የተለዩ ናቸው። ብዙዎቹ ጥላና ጉም የለመዱ ናቸው። ዛፉ ሲወድቅ የሚወድቀው ግንዱ ብቻ ሳይሆን በላዩ ላይ የነበረው ምንጣፍ ጭምር ነው። ክሪስቶፈር ሂላንደርና ስለሺ ነሞሚሳ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት በአገራችን የቤት ዙሪያ ቡና ጓሮዎች ውስጥ ያሉ ዛፎች ለብዙ በዛፍ ላይ ለሚበቅሉ ተክሎች መጠለያ እንደሆኑ አሳይተዋል። ስለዚህ አንድ አርሶ አደር በጓሮው ያቆመው አሮጌ ዋንዛ ወይም ብርብራ ለቡናው ጥላ ከመሆን በላይ የሌሎች ብዙ ፍጥረታት ቤት ነው። ሞስ ከድርቀት ይነሣል ብለናል፤ የሚነሣው ግን የተጣበቀበት ነገር ሲኖር ነው።

ይህን ስንል ዛፍ ፈጽሞ አይቈረጥ ማለታችን አይደለም። መሬት በጠበበበት አገር የቤተሰብ ችግር፣ የትምህርት ወጪና የሕመም ጊዜ እንዳለ እናውቃለን። የምንለው ከመቍረጥ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም ነው፤ ይኸውም «የሚተካው በስንት ዓመት ነው?» የሚለው ነው። በአምስት ዓመት የሚተካውን ለችግር ማዋል ይቻላል። በመቶ ዓመት የሚተካውን ግን የዛሬው ባለቤት ብቻውን የሚወስንበት ሊሆን አይገባም፤ ገና ያልተወለዱ ወራሾች አሉበት።

መደምደሚያ

ሻርኩና ሞሱ ሁለት የተለያዩ የትዕግሥት መንገዶች አሳይተውናል። አንዱ በቀስታ ሳያቋርጥ ይኖራል፤ ሌላው ቆሞ ጊዜውን ጠብቆ ይነሣል። ከሁለቱም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው ትንሹ ሳይሆን ትልቁ ሆኖ ተገኝቷል። እኛ ወጣቶችም ችግኝ ስንተክል ደስ እንደሚለን ሁሉ፣ የቆመውን አሮጌ ዛፍ ዕድሜ ጠይቀን ማወቅንም እንልመድ። በየሰፈራችን ያሉ ሽማግሌዎች የትኛው ዛፍ በማን ዘመን እንደ ተተከለ ያውቃሉ። እነርሱ ሳያልፉ ጠይቀን እንመዝግብ።

ቀላል ሙከራ፦ በደረቅ ቀን በግድግዳ ላይ ያለ ሞስ ፈልጉ። ሳትነቅሉት ጥቂት የውኃ ጠብታ አድርጉበትና ለአሥር ደቂቃ ያህል ቅጠሎቹን ተመልከቱ። ያያችሁትን በደብተራችሁ ጻፉ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የሻርኩ ዕድሜ በዐይኑ የተለካው ለምንድን ነው? በሌሎች ዓሦች ላይ የሚሠራው ዘዴ ለእርሱ ያልሠራው ለምን ነበር?
2. ሞስ እውነተኛ ሥር ሳይኖረው በበጋ እንዴት ሳይሞት ይቈያል?
3. «ረጅም ዕድሜ ብቻውን ጽናት አይደለም» የሚለውን በሌላ ምሳሌ አስረዱ።
4. በግቢያችሁ ወይም በዘመዶቻችሁ ጓሮ ያሉትን አምስት ተክሎች ዘርዝሩ፤ እያንዳንዱ ቢቈረጥ በስንት ዓመት እንደሚተካ ከታላላቆቻችሁ ጠይቃችሁ ጻፉ።